«ብርድ መጣ» ተብሎ ብርድ አይመጣም

የአንባቢው ጥያቄ፦ «የጃፓኖቹን ሃይኩ ተከትዬ፣ መጸው ወደ ብርድ ሲሻገር የሚያሳዩ አጫጭር የተፈጥሮ ግጥሞች እጽፋለሁ። 5-7-5 ፊደል በጥንቃቄ እቆጥራለሁ። ያነበቡልኝ ሁሉ ‹ያምራል› ይላሉ፤ ብርዱ ግን ለራሴም አይሰማኝም። ሁሉም ቅጠል፣ ነፋስና ሐዘን ብቻ ሆኑብኝ። አንዱ ይኸው፦ ብርድ መጣ / ቅጠሎች ረገፉ / ልቤ አዘነ። ስህተቱ ቆጠራው ላይ ነው? ቤት እንዲመታ ባደርገውስ ይሻላል?»

ቆጠራው ላይም ስህተት አለ፤ ግጥሙን ብርድ ያሳጣው ግን እሱ አይደለም። ስለዚህ ቆጠራውን ቶሎ እንገላገለው።

የቆጠሩት ፊደል ነው፤ በግጥም የሚቆጠረው ግን ቀለም፣ ማለትም በአንድ አናባቢ ዙሪያ አንድ ላይ የሚጠራ ድምፅ ነው። ሳድስ ፊደል ብዙ ጊዜ ድምፁን ውጦ ከጎረቤቱ ጋር ይጣበቃል። «ብርድ» ሲጻፍ ሦስት ፊደል ነው፣ ከአፍ ሲወጣ አንድ ቀለም። «ውርጭ»ም እንደዚያው። «ቅጠል» ሁለት ቀለም ነው፤ «ይረግፋል» ደግሞ በአምስት ፊደል ተጽፎ ሦስት ቀለም ብቻ ይሰጣል። በዚህ መሠረት የላኩት ግጥም በፊደል 5-7-5 ቢሆንም ጮክ ብለው ሲያነቡት 3-6-5 ነው። ጃፓኖቹ 17 (5+7+5) የሚሉትም የእኛን ቀለም አይደለም። እነሱ የሚቆጥሩት ከቀለም ያነሰ የድምፅ ልክ ነው፤ የአገራቸውን ስም «ኒፖን» እኛ በሁለት ቀለም ስንጠራው፣ እነሱ የሚጠብቀውን «ፖ» እና የመጨረሻዋን «ን» ለየብቻ አስበው አራት ይሉታል። ስለዚህ 17 የአማርኛ ቀለም ከእነሱ 17 የበለጠ ነገር ይይዛል፣ ግጥሙንም ያወፍረዋል። ከ11 እስከ 15 ቀለም ባለው ውስጥ ይቆዩ፣ መካከለኛውን ስንኝ ትንሽ ያስረዝሙ፣ ከዚያ በኋላ በጣት መቁጠሩን ይተዉት።

አሁን ወደ ዋናው። በሦስት ስንኝ ውስጥ ሦስት ማሰሪያ አንቀጽ (ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋ ግሥ) አለ፦ መጣ፣ ረገፉ፣ አዘነ። እያንዳንዱ ስንኝ ተነግሮ ያለቀ ዜና ነው። አንባቢው የሚጨርሰው ነገር ስለማይተርፈው «ያምራል» ብሎ ያልፋል። ከዚያም የባሰው፣ ግጥሙ ስለ መሻገር መሆኑ ቀርቶ ስለ መድረስ ሆኗል። መጸው ወደ ብርድ ሲሻገር የሚታየው ብርዱ አይደለም። ትናንት አንድ ዓይነት የነበረ ነገር ዛሬ ሌላ ሆኖ መገኘቱ ነው። ግጥሙ «ትናንት»ንም «ዛሬ»ንም መያዝ አለበት፤ ትናንት የሚለው ቃል ባይጻፍም እንኳ።

ከጃፓኖቹ መውሰድ የሚገባዎት ከቁጥሩ ይልቅ ይህን ነው። ወቅት አመልካች ቃላት በሚሰበሰቡባቸው መዛግብቶቻቸው የመጸው ብርድ አንድ ስም ብቻ የለውም። «አሳሳሙ» ጠዋት ጠዋት ብቻ የሚሰማው ብርድ ነው፣ «ዮሳሙ» የሌሊቱ፣ «ሐዳሳሙ» ቆዳ ላይ ብቻ የሚያርፈው። ሦስቱም የመጸው መገባደጃ ቃላት ናቸው፤ የክረምቱ ብርድ ከእነዚህ ተለይቶ ይመዘገባል። ገና ያልጸና ብርድ በየትኛው ሰዓትና በየትኛው የሰውነት ክፍል እንደሚነካ ነው የሚታወቀው። በአማርኛም ቢሆን ያለን «ብርድ» ብቻ አይደለም። ቅዝቃዜ የዕቃም የአየርም ነው፣ ቁር ጸንቶ የቆየ ብርድ ነው፣ ቆፈን ጣት የሚያደነዝዘው፣ አመዳይ ሣር ላይ የሚታየው ነጩ ነገር ራሱ፣ ውርጭ ደግሞ ነጩንም ብርዱንም አንድ ላይ የሚይዝ። «ቁር» ብለው ሲጽፉ መሻገሩ አልፏል፤ አሁን የሚጽፉት ስለ ሌላ ወቅት ነው።

በዚሁ ላይ «መጸው» የሚለውን ቃል ግጥሙ ውስጥ እንዳያስገቡ እመክራለሁ። ቃሉ ለብዙ አማርኛ አንባቢ አበባ ያመጣል እንጂ የሚረግፍ ቅጠል አያመጣም። «ጸደይ» እና «በልግ» ደግሞ በትርጉም ሥራ አንዱ ባንዱ ቦታ ሲገቡ ኖረው ተደበላልቀዋል። ወቅቱን ዕቃው ይናገር።

ዕቃው እንዲናገር ግን ብርድ በምን ቅደም ተከተል እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የብዙ ጀማሪዎች ግጥም የሚወድቀው እዚህ ነው። መጀመሪያ የሚሄደው ብርሃን ነው። ከምድር ወገብ 40 ዲግሪ ያህል ርቆ ባለ ቦታ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን ቀኑ በየዕለቱ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ያጥራል። አየሩ ይከተላል፤ ውኃ የበጋውን ሙቀት ይዞ ወደኋላ ይቀራል። ስለዚህ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ጠዋት ኩሬ ላይ ጉም ይነሣል፦ ከሞቀው ውኃ የወጣው ተን ከቀዘቀዘው አየር ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ጉም ነው። ሣር ላይ ጤዛው ይበዛል፣ ዘግይቶም ይደርቃል። ቀጥሎ አመዳይ፣ በመጀመሪያ ዝቅ ባለ ቦታ ባለ ሣር ላይ፣ ምክንያቱም ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ጎድጓዳው ይፈሳል። ከዚያ በሰኮና ወይም በጎማ ጎድጓድ ውስጥ በተጠራቀመ ውኃ ላይ ስስ የበረዶ ቆዳ። ኩሬው የሚረጋው ከሁሉም በኋላ ነው፤ ውኃ በጣም የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ስለሆነ፣ የላይኛው እየቀዘቀዘ እየሰመጠ ጠቅላላው እዚያ እስኪደርስ ድረስ ፊቱ በረዶ አይይዝም። በአንድ ግጥም ውስጥ የጤዛ ጠዋትና የረጋ ኩሬ ካስቀመጡ፣ የሁለት ወር ልዩነት አንድ ስንኝ ውስጥ ጠቅጥቀዋል ማለት ነው። አንባቢው ስህተቱን በስም ባይጠራውም ግጥሙን አያምነውም።

ሌላው የተለመደ ስህተት ነፋስና አመዳይን በአንድ ሌሊት ማሳደር ነው። አመዳይ የሚጥለው ሰማዩ ጥርት፣ አየሩ ጭጭ ባለበት ሌሊት ነው። መሬት ሙቀቷን ወደ ጠራው ሰማይ ትለቃለች፤ በሰው ቁመት ላይ ያለ ቴርሞሜትር 3 ወይም 4 ዲግሪ ሲያሳይ የሣሩ ጫፍ ከ0 በታች ሊወርድ ይችላል። ነፋስ ከነፈሰ ከላይ ያለው ሞቅ ያለ አየር ይቀላቀላል፤ ደመና ካለ ሙቀቱን ይመልሳል፤ አመዳዩም አይኖርም። «ነፋሱ ፉጨቱን እያሰማ አመዳይ ጣለ» የሚል ስንኝ የተጻፈው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ቀይ ቅጠልም እንደሚባለው የብርድ ልጅ አይደለም። ዛፉ አረንጓዴውን ማፍረስ የሚጀምረው በዋናነት ቀኑ ሲያጥር ነው፤ ቢጫው ድሮም ቅጠሉ ውስጥ ተሸፍኖ የነበረ ነው፣ ቀዩ ግን በዚያ ሰሞን አዲስ የሚሠራ ቀለም ነው፤ ደምቆ የሚወጣውም ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ያለ ግን ውርጭ የሌለው ሲሆን ነው። ጠንከር ያለ ውርጭ ቀዩን ያጠፋዋል። ስለዚህ ቀይ ቅጠል ብርዱ ገና አለመጽናቱን ነው የሚመሰክረው። የብርዱ እውነተኛ ምስክር ከዚያ በኋላ ያለው ጠዋት ነው፦ ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ጋር በተያያዘበት አንገት ላይ ዛፉ አስቀድሞ የመለያያ ንብርብር ሠርቷል፣ ሌሊት እዚያ የረጋው በረዶ ቅጠሉን ለጊዜው አጣብቆ ይይዘዋል፣ ፀሐይ ስታቀልጠው ያለ አንዳች ነፋስ ይወርዳል። ጊንኮ የሚባለው ዛፍ እንዲህ ባለ ጠዋት ቅጠሉን በሙሉ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊያራግፍ ይችላል። «ነፋስ ቅጠሉን አረገፈው» የሚለውን ማንም ይጽፈዋል። ያለ ነፋስ መርገፉን የሚጽፈው ያየው ብቻ ነው፦

ነፋስ የለም—
ቅጠል በቅጠል ላይ
ሲወድቅ ይሰማል

እዚህ ውስጥ ብርድ የሚል ቃል የለም፤ ጸጥታም አልተባለም። ሁለተኛው ቅጠል መሬት ላይ ቀድሞ መውደቁ ትናንትን ይዟል። እንዲህ ያለ ሌሊትና ጠዋት ሩቅ ያለ ድምፅም ይቀርባል፤ መሬት ላይ ያለው አየር ከላይኛው ሲቀዘቅዝ ድምፅ ወደ ታች ይጎብጣልና። ስለዚህ ለብርድ ጆሮ ከዓይን ይበልጣል፣ ፎቶ እያዩ መጻፍም አይጠቅምም፦ ከፎቶ የሚገኘው ቀለም ብቻ ነው።

ነፍሳትም ጥሩ ምስክር ናቸው፤ ሙቀታቸው በአየሩ ላይ የተመሠረተ ነውና። በሌሊት የሚጮኹት የፌንጣ ዘመዶች አየሩ ሲቀዘቅዝ ጩኸታቸውን ያዘገያሉ። በ1897 እ.ኤ.አ. ኤሞስ ዶልቢር የተባለ አሜሪካዊ ፊዚሲስት ከጩኸታቸው ፍጥነት የአየሩን ሙቀት ማስላት እንደሚቻል በቀመር አሳይቷል። ገጣሚ ቀመሩ አያስፈልገውም፤ በሁለት ጩኸት መሃል ያለው ክፍተት መስፋቱን ካደመጠ ይበቃዋል። ማር ንብ ደግሞ አየሩ ከ10 ዲግሪ ያህል ሲወርድ ከቀፎዋ ብዙም አትወጣም፤ ሌሎች የንብ ዓይነቶች አበባ ላይ አድረው ፀሐይ እስክታሞቃቸው ሳይንቀሳቀሱ ይገኛሉ። «ንቧ አበባው ላይ ናት» የበጋ ግጥም ነው። «ንቧ አበባው ላይ ናት፣ ረፋድ ሆኖም አልተነሣችም» ግን መሻገሩ ራሱ ነው።

ወደ ቋንቋው እንምጣ፤ አማርኛ እዚህ ላይ ጥሩ መሣሪያ አለው። ጃፓኖቹ ግጥሙን ለሁለት የሚቆርጥ «ኪሬጂ» የሚባል ቃል አላቸው፤ እኛ የለንም፣ ግን ቦዝ አንቀጽ፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን የማይዘጋ ግሥ አለን። «ወጥታ»፣ «ረግፎ»፣ «አድሮ» ብለው ሲያቆሙ የአማርኛ ጆሮ ማሰሪያውን መጠበቅ ይጀምራል። ማሰሪያውን ይከልክሉት። በምትኩ አንድ ስም፣ አንድ ነገር ያስቀምጡ። ያ ያልታሰረ ክፍተት ነው አንባቢውን ወደ ውስጥ የሚያስገባው። «ይረግፋል»፣ «ይቀዘቅዛል» ግን በአብዛኛው ሁልጊዜ የሚሆነውን ነው የሚናገሩት፤ አጭር ግጥም የሚኖረው ግን አንድ ጊዜ በሆነው ነገር ነው። ብዙ ቁጥርም እንዲሁ ነው፦ «ቅጠሎች» ማንም አይቶ አያውቅም፣ ዓይን የሚያርፈው አንድ ቅጠል ላይ ነው። «ገና» እና በስም መጨረሻ የምትለጠፈው «ም» ደግሞ ጊዜን በሁለት ቀለም ወይም ከዚያ ባነሰ ይሸከማሉ፤ «ዛሬም» ሲሉ ትናንት ያለ ወጪ ገብቷል። በዚያው ልክ ሱስ ይሆናሉና በአምስት ግጥም አንዴ ብቻ ይጠቀሙባቸው።

የእርስዎን ግጥም በዚህ መንገድ እንሥራው። «ብርድ መጣ» በምን ታወቀ? ቴርሞሜትር ካልሆነ አንድ ነገር ታይቷል፤ ያ ነገር ይጻፍ። ፀሐይ ስትወጣ አመዳዩ በሙሉ አንድ ጊዜ አይቀልጥም፤ ጥላ ያረፈበት ይቆያል፤ ስለዚህ ለጥቂት ደቂቃ ሣሩ ላይ የአጥሩ ቅርጽ በነጭ ተስሎ ይታያል። «ቅጠሎች ረገፉ» ይውጣ፣ ሁለተኛ ወቅት አመልካች አያስፈልግም። «ልቤ አዘነ» ይውጣ። የቀረው ይህ ነው፦

ፀሐይ ወጥታ—
በአጥሩ ጥላ ልክ
ገና ነጭ ሣር

4-5-4፣ በድምሩ 13 ቀለም። ማሰሪያ አንቀጽ የለም፤ «ወጥታ» ተንጠልጥላለች። መጀመሪያ የሚመጣው ረቂቅ «የአጥሩ ጥላ ሥር / ገና ነጭ ሣር» ሊሆን ይችላል፤ «ሥር» እና «ሣር» ቤት ይመታሉ፣ ለጆሮም ይጥማሉ። ያ ጥምነት ነው ችግሩ፤ ግጥሙን እንደ ምሳሌያዊ አነጋገር ይዘጋዋል። «ልክ» ደግሞ ከ«ሥር» የበለጠ ሥራ ይሠራል፦ የነጩን ዳርቻ ይቆርጣል፣ ፀሐይዋ እየገፋች መሆኑንም ያሳያል።

«ልቤ አዘነ» ለምን እንደወጣ ጥቂት ላክል፤ ስሜት የተከለከለ ስለሆነ አይደለም። ሦስተኛው ስንኝ ስሜቱን በስም ሲጠራ፣ ፊተኞቹ ሁለት ስንኞች ማስረጃ ብቻ ይሆናሉ፤ ቅጠሉ ቅጠል መሆኑን ያቆማል። «ነፋሱ አለቀሰ»፣ «ዛፉ ራቁቱን ቀረ» የሚሉትም በሌላ በር የገቡ ያው «ልቤ አዘነ» ናቸው። ሰምና ወርቅም በጥንቃቄ ነው። «በረደ» ለአየርም ለንዴትም ለፍቅርም ይሆናል፣ ፈተናው ትልቅ ነው። ሰሙ ብቻውን ሙሉ ሆኖ የሚቆም ከሆነ ወርቁ በራሱ ይምጣ፤ ወርቁን ለማስገባት ሲሉ ሰሙን ካጣመሙት ግን ተፈጥሮው መጋረጃ ሆኖ ይቀራል።

ቤት መምታትን በተመለከተ፣ በሦስት ስንኝ ውስጥ አይሞክሩት። በአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ቤት ማስመታት ቀላል ነው፤ ቀላል ስለሆነም ስንኙ ሁሉ በግሥ እንዲዘጋ ይጎትታል፣ ወደ ሦስቱ ማሰሪያ አንቀጽም ይመልስዎታል። ቤት የሚመታ ነገር የግድ ከፈለጉ፣ ከሃይኩ ይውጡና በወል ቤት ሁለት ስንኝ ይጻፉ፤ እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም፣ እያንዳንዱ ስንኝ ሁለት ሐረግ፦

በማታ ሳልፍበት፣ ሣሩ ጤዛ ነበር፤
በጠዋት ስረግጠው፣ ጀመረ መሰበር።

መሻገሩ አለ፣ ድምፁም አለ፤ ቃል በቃል ለማስታወስም ይቀላል። የጠፋው ክፍተቱ ነው፤ ማታና ጠዋት ፊት ለፊት ተሰልፈው ነገሩን ጨርሰውታል። ሁለቱን ቅርጾች አይቀላቅሏቸው።

ይህ ቅርጽ የማይችለውም አለ። ምክንያት አይሸከምም፤ «ስለዚህ» ወይም «ምክንያቱም» ከፈለገ ሌላ ዓይነት ግጥም ነው። የወቅቱን ጉዞ ከጤዛ እስከ በረዶ ማሳየት ከፈለጉ አንዱን ግጥም ከማስረዘም ይልቅ አምስት ወይም ስድስት ግጥሞችን በቅደም ተከተል ያሰልፉ። ቅጠል በማይረግፍበት አካባቢ የሚኖሩ ከሆነም ከሥዕል ቀድተው ቀይ ዛፍ አይጻፉ፤ እርስዎ ባሉበት ብርድ የሚነካውን ነገር ይጻፉ፣ እሱ የጠዋት ውኃ ወይም የብረት በር እጀታ ቢሆንም።

የማያወላዳው ምክሬ ይህ ነው፦ ለአሥር ተከታታይ ቀናት ግጥም አይጻፉ። በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ፣ ከፀሐይ መውጫ በፊት 15 ደቂቃ ቆመው፣ ሦስት ነገር ብቻ በተራ ዓረፍተ ነገር ይመዝግቡ፤ ሰዓቱን፣ የነኩትን ወይም የሰሙትን አንድ ነገር፣ ከትናንት የተለየውን። ቅጽልና «እንደ» አይግቡበት። በአሥራ አንደኛው ቀን ከማስታወሻዎቹ ውስጥ ልዩነቱ በራሱ የሚታይባቸውን ሁለት ወይም ሦስት ይምረጡ፣ ሌሎቹን ይተዉ። ከተመረጡት ሁለት ነገር ብቻ ወስደው በቦዝ ወይም በስም ይቁረጡ። ያደረ ረቂቅ በማግስቱ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ምላስ የሚያደናቅፍ ቦታ ካለ ብዙ ጊዜ ትርፍ ቃል ያለበት ነው። መጨረሻ ላይ ርዕስ ሳይሰጡት ወቅቱን ለማያውቅ ሰው ያስነብቡትና ሰዓቱ ስንት እንደሆነ ይጠይቁት። «ጠዋት፣ ገና ሳይሞቅ» ካለዎት ይተዉት፣ አልቋል። «የሚያሳዝን ነው» ካለዎት ወደ ማስታወሻው ይመለሱ።